ቁጥሩን ከመጣላችን በፊት እናንብበው፦ «ፒጂ 13 ለሐበሻ ልጅ ምኑ ነው?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ስልኬ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ እህቴ ላከችው፣ ከዛ የልጄ ክፍል ወላጆች ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፣ ከዛ ከሱቄ ጎን ጁስ የሚሸጠው ልጅ «ጋሼ ይሄ ስለ አንተ ስራ ነው» ብሎ ስልኩን አይኔ ላይ ደቀነው፣ አራተኛውን ማን እንደላከው እንጃ። ርዕሱ «ፒጂ 13 ለሐበሻ ልጅ ምኑ ነው?» ይላል፣ ፊልም ላይ ስለሚለጠፈው የዕድሜ ደረጃ ነው። የጸሐፊውን ስም አልጠራም፣ ሰውዬውን አላውቀውም፣ ጸቤም ከሱ ጋር አይደለም። ደግሞ መጻፍ ይችልበታል፣ ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ግን ተሳስቷል፣ እና የተሳሳተውን ነገር ሰው እንደ ምክር እየተቀባበለው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም የምጭን ሰው ነኝ። (የኮፒራይቱን ነገር ኮመንት ላይ እንዳታመጡብኝ፣ ትክክል ናችሁ፣ ግን የዛሬው ወሬ እሱ አይደለም።) የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ማን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ምን እንደሚያስጭን በየቀኑ ቁጭ ብዬ የማየው እኔ ነኝ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ፊልም ላይ የሚለጠፈው የዕድሜ ደረጃ የፈረንጅ መንግስት ለፈረንጅ ልጅ ያወጣው ህግ ነው፣ ለእኛ ባህል አይሆንም። 13 የሚለው ቁጥር ራሱ ቀልድ ነው፣ ልጅ በ12 ዓመት ከ11 ወሩ የማይችለውን ነገር ልደቱ ሲደርስ በአንዴ አይችልም። ለትናንሽ ልጆች ካርቱን አለላቸው፣ እሱን ካየን በቃ ሰላም ነው። እኛ ራሳችን ቪዲዮ ቤት ነው ያደግነው፣ ሁሉንም አይተናል፣ ምን ሆንን? ደረጃው ደግሞ የኩባንያዎች የሽያጭ ዘዴ ነው። መጨረሻ ላይም ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ ይይ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም ብሎ ይዘጋል። አሳጠርኩት እንጂ አላጣመምኩትም፣ አንብባችሁት ከሆነ ታውቃላችሁ።

በመንግስቱ ልጀምር ምክንያቱም እሱ ቀላሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጂ፣ ፒጂ፣ ፒጂ 13፣ አር፣ ኤንሲ 17 የሚባሉትን ደረጃዎች (ከላላው ወደ ጠበቀው ነው የደረደርኳቸው) የሚሰጠው መንግስት አይደለም። የፊልም ኩባንያዎቹ ማህበር በፈረንጆቹ ህዳር 1 ቀን 1968 ያስጀመረው ነገር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)፣ ህግም አይደለም፣ ሲኒማ ቤቶቹ በፈቃዳቸው ነው የሚያከብሩት። ከዛ በፊት ከ1934 ጀምሮ የነበረው ነው ጸሐፊው የሚፈራው ዓይነት፣ ይሄ ይቆረጥ ይሄ አይታይ የሚል ደንብ፣ እሱን ትተው ነው «በቃ እናንተ የፈለጋችሁትን ስሩ፣ እኛ ውስጡ ምን እንዳለ ለወላጅ እንናገራለን» ወደሚለው የሄዱት። ፊልሙን አይተው ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ወላጆች ናቸው፣ ስራውን ሲጀምሩ በ5 እና በ15 ዓመት መካከል ያለ ልጅ ሊኖራቸው ይገባል። እንደኔና እንደናንተ «ይሄን ልጄ ቢያየውስ?» ብለው ነው የሚፈርዱት ማለት ነው።

«ለእኛ ባህል አይሆንም» የሚለው ላይ ግማሹን እሰጠዋለሁ። እውነት ነው አገር ካገር ይለያያል። ዘ ኪንግስ ስፒች የሚባል ፊልም አለ፣ ስለሚንተባተብ የእንግሊዝ ንጉስ ነው፣ ደም የለ ራቁት የለ። ንግግር የሚያስተምረው ሰውዬ ምላሱን ለማፍታታት ተሳደብ ይለዋል፣ ንጉሱም ደህና አድርጎ ይሳደባል። በዚህ ስድብ ምክንያት አሜሪካ አር አለችው፣ ማለትም ከ17 በታች የሆነ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይገባም። እንግሊዝ ግን 12ኤ አለችው፣ የ12 ዓመት ልጅ ብቻውን ገብቶ ያየዋል። አንድ ፊልም፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ፍርድ። አሜሪካኖቹ ለስድብና ለራቁት ጥብቅ ናቸው፣ ለተኩስ ደግሞ ላላ ይላሉ፣ ይሄን የሚሏቸው ብዙ ናቸው።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ እንርሳው» ማለት ለምን? ፋርማሲ ሄደን የምናመጣው ሽሮፕ ላይ ስለ ልጆች ዕድሜ የተጻፈውን ማን ጻፈው? የሐዋሳ ሰው ነው? አይደለም፣ ግን እናነበዋለን።

ዋናው ነገር ጸሐፊው ፊደሉን ብቻ ነው ያየው። ከፊደሉ ስር አንድ መስመር አለች፣ ለምን ያን ደረጃ እንዳገኘ የምትናገር፣ ለስድብ፣ ለደም፣ ለአልጋ ትዕይንት፣ ለሚያስፈራ ነገር፣ ለአደንዛዥ ዕጽ ትላለች። ለእኛ ከቁጥሩ ይልቅ እሷ ናት የምትጠቅመን። በስራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትርጉም ፊልም ታውቃላችሁ፣ አንድ ሰው ከላይ በአማርኛ የሚያወራበት። ተርጓሚው እንግሊዝኛው ስድብ ጋ ሲደርስ «አንተ ባለጌ!» ብሎ ያልፋል፣ በቃ። ስለዚህ በስድብ ብቻ አር የተባለ ፊልም እኛ ጋ ሲደርስ ምላሱ ታጥቦ ነው የሚደርሰው። በደም አር የተባለው ግን ተርጓሚው ምን ያድርገው? ስዕሉ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ሰውዬው በሞቀ ድምጽ «አሁን ጭንቅላቱን ሊበረቅሰው ነው!» እያለ ያደምቀዋል። ሁለቱም አር ናቸው፣ ለልጃችን ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ይሄን የምትለየው መስመሯን ካነበብክ ብቻ ነው። ሆላንዶች ይሄን ነገር ገብቷቸው ከዕድሜው ጎን ስዕል ያደርጋሉ፣ ጠብ ካለው ቡጢ፣ የሚያስፈራ ከሆነ ሸረሪት። ማንበብ የማትችል አያት ሳትቀር ትረዳዋለች።

አሁን የ13ቱ ቀልድ። ጸሐፊው እዚህ ጋ ጥሩ አድርጎ አሳቀኝ፣ ልጁ ሻማውን እፍ ሲል ድንገት ትልቅ ሰው ሲሆን ያለው ነገር። ግን የሚስቅበት ህግ የለም። ፒጂ 13 ማንንም አይከለክልም። የ9 ዓመት ልጅም ሲኒማ ቤቱ ያስገባዋል። የሚለው ነገር «ወላጅ ሆይ፣ ከ13 በታች ለሆነ ልጅ የማይሆን ነገር ሊኖርበት ይችላልና አስብበት» ነው። አር ደግሞ ከ17 በታች የሆነውን ከትልቅ ሰው ጋር ና ይለዋል። ጭራሽ በር የሚዘጋው ኤንሲ 17 ብቻ ነው። እንግሊዝ ጋ ይለያል፣ እዛ 15 እና 18 ማለት በቃ አይገባም ነው፣ አባትህ ይዞህ ቢመጣም። 12ኤ ግን ከትልቅ ሰው ጋር ያስገባል። እንግዲህ ቁጥሩ ሁሉ አንድ ትርጉም የለውም፣ የማን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፣ ይሄንን ጸሐፊው ቢጽፈው ኖሮ እኔም ሼር አደርግለት ነበር።

ፒጂ 13 ራሱ እንዴት እንደመጣ ደግሞ ደስ የሚል ታሪክ ነው። እስከ 1984 ድረስ በፒጂና በአር መካከል ምንም አልነበረም። በዛ ዓመት ሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ወጣ፣ አንድ ሰውዬ በእጁ የሌላውን ልብ ከደረቱ መንግሎ ሲያወጣ ይታያል፣ እና ደረጃው ፒጂ ነበር! ግሬምሊንስ የሚባለውም በዛው ሰሞን በፒጂ ወጣ፣ ቤተሰብ የሚያምር አሻንጉሊት ነገር አይቶ ልጁን ይዞ ገብቶ ጉድ ሆነ። ወላጅ ጮኸ። ይሄን ኢንዲያና ጆንስ የሰራው፣ በግሬምሊንስም ፕሮዲውሰር ሆኖ ያለበት ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ ነው «መሃል ላይ አንድ ደረጃ ጨምሩ» ያለው፣ እና በሐምሌ 1 1984 ጨመሩ። ስለዚህ 13 የምትለዋን ቁጥር ያመጣት ቢሮ ውስጥ ስለ ልደት ሻማ ያሰበ ሰው ሳይሆን ልጁ በፍርሃት የጮኸበት ወላጅ ነው።

ወደ ካርቱኑ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው፣ ምክንያቱም በዚህ ጥፋት እኔ ራሴ አለሁበት።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት መጣች፣ ከአቶቴ በባጃጅ፣ ባጃጁን አቁማ ነው የገባችው። «ወንድሜ ለልጄ ካርቱን ጫንልኝ፣ የተመረጠ፣ ቶሎ በል ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው» አለችኝ። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ካርቱን የሚል ፎልደር አለኝ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አይቼው አላውቅም፣ ማን ያያል። ፖስተር እያየሁ ደስ የሚለውን መርጬ አስር ፊልም ኮፒ አደረግኩ። ከመሃላቸው በ2016 የወጣ አንድ አለ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያሉ ምግቦች የሚያወሩበት፣ ፖስተሩ ላይ ቋሊማና ዳቦ ፈገግ ብለዋል። ያ ፊልም ደረጃው አር ነው። አር የሆነው ደግሞ በትንሽ ነገር አይደለም፣ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ አይጠይቀኝ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ይሄን አንተ ለልጅህ ታሳያለህ?» አለችኝ፣ በቃ። እሷ ወጥ ቤት ሆና «ካርቱን እያየ ነው» ብላ ተረጋግታ፣ አክስቱ ሳሎን ገብታ ነው የደረሰችበት። እኔ ምን ልበል፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ካርቱን መስሎኝ» አልኩ፣ «ካርቱንማ ነው» አለችኝ።

ካርቱንማ ነው! ጸሐፊው «ካርቱን ካየን ሰላም ነው» ሲል የሚታየኝ ያቺ ፍላሽ ናት። አኒሜሽን የአሰራር ዓይነት ነው፣ ሰው ከመቅረጽ ይልቅ መሳል። ጃፓኖቹ ለስድስት ዓመት ልጅም ለአርባ ዓመት ሰውም ይስላሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ከህጻናት መኝታ ሰዓት በኋላ የሚታይ ስንት ካርቱን አለ። በተቃራኒው ደግሞ ጂ የሚለው ፊልም ሁሉ የልጅ ፊልም አይደለም፣ ጂ ማለት የሚያስቀይም ነገር የለውም ነው እንጂ ልጁን ደስ ይለዋል ማለት አይደለም። ያን ቀን እኔ ከፎልደሩ ስም ይልቅ ያቺን አንድ ፊደል አይቼ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት አላፍርም ነበር። አንድ ፊደል እኮ ናት፣ ኢንተርኔት ላይ የፊልሙን ስም ስትጽፍ ከፊት የምትመጣ።

ፍትሃዊ ለመሆን፣ ደረጃ ሰጪዎቹም ይሳሳታሉ። እንግሊዞቹ በ1978 ወተርሺፕ ዳውን የሚባለውን የጥንቸሎች አኒሜሽን ዩ፣ ማለትም ለሁሉም ይሆናል አሉት። ጥንቸሎቹ ይበጫጨቃሉ። ስንት ዘመን ወላጅ ሲያማርር ኖሮ ፒጂ የተባለው በ2022 ነው። ከአርባ ዓመት በላይ! ይሄን ለጸሐፊው በስጦታ እሰጠዋለሁ፣ ለክርክሩ ይጠቅመዋል። ግን ተሳስተው የነበሩት አላልተው ነው፣ አጥብቀው አይደለም፣ እና ሲያርሙትም ወደ ማጥበቅ ነው የሄዱት።

«እኛ ቪዲዮ ቤት አድገን ምን ሆንን?» ለሚለው።

እኔም ቪዲዮ ቤት ነው ያደግኩት። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ ላብና ቆሎ የሚሸት፣ በር ላይ ሳንቲም ተቀባይ። ቫን ዳም አይተን ስንወጣ እርስ በርስ በካልቾ ስንጠላለዝ ነው ቤት የምንደርሰው። ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ግን «ምን ሆንን» ሲባል ማንን ጠይቀን ነው? ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ተከትሎኝ ገብቶ አሻንጉሊት ሰው የምትገድልበት ፊልም አየ። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ነበር፣ ማታ ማታ ኩራዝ ይዘን ነው የምንሄደው። ከዛ ቀን በኋላ ስንት ሳምንት ብቻውን አልሄደም፣ ልብሱ ላይ ለቀቀ፣ እናቴ ምክንያቱን ስለማታውቅ ገረፈችው። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፣ እንዳልገረፍ ዝም አልኩ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሾፌር ነው፣ ደህና ነው፣ እና ቢጠየቅ እሱም «ምን ሆንን?» ነው የሚለው። ግን በዛን ጊዜ ደህና አልነበረም። ደህና መሆን ማለት እስከ ዛሬ በህይወት መኖር ብቻ ከሆነ እሺ ሁላችንም ደህና ነን።

ደግሞ ጸሐፊው የረሳው ሰው አለ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት! እኛ ጋ የነበረው ሰውዬ አልጋ ያለበት ትዕይንት ሊመጣ ሲል ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ፎጣ ይጥልበት ነበር፣ ትላልቆቹ ያፏጫሉ፣ እሱ «ዝም በሉ ህጻናት አሉ!» ይላል፣ ድምጹ ብቻ ይሰማል (ያ ደግሞ ይብሳል፣ ግን ተዉት)። ፊልሙን ቀድሞ አይቶታል፣ የት ጋ ምን እንዳለ ያውቃል፣ ልጅ መኖሩን ያውቃል። ያ ፎጣ ሬቲንግ፣ ማለትም የዕድሜ ደረጃ፣ ካልሆነ ምንድን ነው? ለአንገት መጠረጊያ የምትሆን ሬቲንግ ነበረችን፣ በራሳችን ባህል፣ ማንም ፈረንጅ ሳያዘን። አሁን ልጁ ፊልሙን የሚያየው ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ነው፣ ፎጣ የሚጥል የለም።

የሽያጭ ዘዴ ነው የተባለው ላይ ብዙ አልከራከርም ምክንያቱም ብዙው እውነት ነው። አር ከሆነ ጎረምሳው ብቻውን ስለማይገባ ገበያው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ኩባንያዎቹ ፒጂ 13 ለማግኘት ትዕይንት ይቆርጣሉ፣ ደሙን ይቀንሳሉ። መቶ ሰው ይወድቃል ግን ደም የለም፣ ፒጂ 13። ሁለት ከባድ ስድብ ከተጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ አር። እንዲህ ዓይነት ሚዛን እኔንም ያስቀኛል። ደረጃውን የሚሰጠው አካልም የኩባንያዎቹ ማህበር ነው፣ ይሄም ሊነገር ይገባዋል። ግን ይሄ ሁሉ የሚነግረኝ «ፒጂ 13 ሲሉህ ሙሉ ለሙሉ አትመን» ነው። አር ሲሉህስ? ኩባንያው ገንዘብ እያጣ የተቀበለው ማስጠንቀቂያ እኮ ነው፣ ሻጩ ራሱ «ይሄ ያቃጥላል» ብሎ የሚሸጥልህ በርበሬ ማለት ነው፣ እሱን አለማመን ሞኝነት ነው።

አብሮ ማየት የሚለው ምክር ግሩም ነው፣ እኔም ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር አያለሁ። ግን ባሏ ባጃጅ የሚነዳ፣ እሷ አሞራ ገደል አሳ ስትሸጥ የምትውል ሴት ስንቱን አብራ ትይ? ደግሞ አብረህ ቁጭ ብለህ ያ ነገር ድንገት ሲመጣ ምን ታደርጋለህ፣ ሪሞት ፍለጋ ስትደናበር ልጁ እንዲያውም አስተውሎ ያያል። ቀድመህ ማወቅ አለብህ። ለማወቅ ደግሞ ወይ ፊልሙን ቀድመህ ታያለህ፣ ወይ ያየው ሰው የጻፈውን ታነባለህ። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እና እንዴት ይነበባል ላላችሁኝ፣ የጁስ ቤቱ ልጅም ስለጠየቀኝ፣ በዲኤስቲቪ ከሆነ ፕሮግራሙ ሲጀምር ጥግ ላይ 13፣ 16፣ 18 ከሚለው ጋር ፊደላት ይመጣሉ፣ ቪ ጠብና ደም፣ ኤል ስድብ፣ ኤስ ወሲብ፣ ኤን ራቁት ነው፣ ቤታችሁ ኳስ ብቻ የምታዩበት ከሆነ አስተውላችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። ፒን ቁጥር አድርጎ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ያለውን መዝጋትም ይቻላል። ኔትፍሊክስ ያላችሁ ለልጁ የራሱን ፕሮፋይል ክፈቱለት፣ የዕድሜ ልኩን አስተካክሉ፣ የራሳችሁን ፕሮፋይል ደግሞ በፒን ቆልፉት፣ አለበለዚያ የልጁን መክፈት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ጣቱን ወደናንተ ማሻገር ነው የሚጠበቅበት። ፍላሽና ቴሌግራም ላይ ነው ችግሩ፣ ፋይሉ «ምርጥ አዲስ አክሽን ትርጉም» ተብሎ ስሙ ተቀይሮ ይመጣል፣ ደረጃው መንገድ ላይ ቀርቷል። ዋናውን የእንግሊዝኛ ስሙን ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ሲጀምር ይጻፋል፣ ከዛ አይኤምዲቢ (IMDb) የሚባል የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ለወላጆች የሚል ክፍል አለ፣ ስድቡን፣ ደሙን፣ የሚያስፈራውን ለየብቻ ይዘረዝራል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የጎረቤት ተማሪ ጥሩ፣ ወይም የሚጭንላችሁን ሰው ጠይቁ፣ ማወቅ አለበት።

እኔ ከዛች ሰኞ በኋላ ካርቱን የሚለውን ፎልደር አጠፋሁት። አሁን «እስከ 7»፣ «እስከ 12»፣ «ትልቅ ሰው» የሚሉ ሶስት አሉኝ፣ ቀስ እያልኩ ነው የለየኋቸው፣ አሁንም ያላለቀ አለ። ጎረምሶቹ ይበሳጩብኛል፣ አንዱ የአስራ ሁለት ዓመት የሚሆን ልጅ «ለአባቴ ነው» ብሎ ሆረር ጠየቀኝ፣ አባትህ ይደውልልኝ ስለው ፍላሹን ነጥቆኝ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደ። እዛ ጭነውለት ይሆናል።

ያቺ እናት ግን ተመልሳ መጥታለች፣ ፊልሙን አስከፍታ መጀመሪያውን ሳታይ አትሄድም፣ ባጃጁም ይጠብቃታል። ጸሐፊውም ወደ ሐዋሳ ብቅ ካለ ፍላሹን ይዞ ይምጣ፣ የመጀመሪያው 16 ጊጋ በኔ ሂሳብ ነው። የልጁን ዕድሜ ግን ሳልጠይቅ አልጭንለትም።